በኮምቦልቻ የሥራ ቦታ የጤና አደጋዎችን ወዲያው የሚለኩ የጋራ መሣሪያዎች፤ የሐሳብ ረቂቁ ውይይት

የረቂቁ አዘጋጅ፣ የሥራ ደኅንነት ባለሙያ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት በኮምቦልቻና በደሴ ላሉ ፋብሪካዎች በጋራ የሚያገለግሉ የመለኪያ መሣሪያዎች እንዲገዙ የሚጠይቀውን ሐሳብ ማርቀቅ ጀምሬአለሁ። ጨርቃጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱና ዱቄቱ በአንድ ከተማ ተጠጋግተው ስለሚገኙ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ስለተጨመረበት፣ አንድ ድርጅት ብቻውን ሊገዛው የማይደፍረውን ዕቃ ተባብረን ገዝተን በተራ ብንጠቀምበት ያዋጣናል ብዬ አምናለሁ።

የምንነጋገርባቸው መሣሪያዎች ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ሳያስፈልግ ውጤታቸው እዚያው ቆመን የሚነበብ ናቸው። ጥቅማቸው መፍጠናቸው ብቻ አይደለም። ሙሉ ፈረቃ በማጣሪያ ላይ የተሰበሰበ ብናኝ በመጨረሻ የሚሰጠን አንድ አማካይ ቁጥር ሲሆን፣ በየሰከንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ ግን ብናኙ ያሻቀበው ማሽኑ በታመቀ አየር በተጸዳበት በዚያች ሩብ ሰዓት እንደሆነ ለይቶ ያሳየናል። ያ ከታወቀ የጽዳቱን መንገድ መቀየር ይቻላል፤ ብናኙን መንፋት ቀርቶ መምጠጥ ይሆናል።

በዝርዝሬ የብናኝ መለኪያ፣ የድምፅ መለኪያ፣ ሠራተኛው ትከሻው ላይ የሚይዘውና በፈረቃው የደረሰበትን ድምፅ የሚመዘግበው ዶዚሜትር፣ የጋዝ መለኪያና የሙቀት ጫና መለኪያ አሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት ስለማይቻል ምን ይቅደም የሚለውን እንድትወስኑልኝ እጠይቃለሁ። የእኔ ዝንባሌ በዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚተነፍሰው የጥጥ ብናኝ ስለሆነ ወደ ብናኝ መለኪያው ነው።

የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነርስ

አዘጋጁን አመሰግናለሁ። ስለ ጥጥ ብናኝ የተባለውን በየሳምንቱ የማየው ስለሆነ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ከእረፍት ቀን በኋላ ሰኞ ሥራ የሚገቡ የፈትል ክፍል ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ክሊኒክ ይመጣሉ፤ «ጥፍር አድርጎ ያዘኝ» ነው የሚሉት። ማክሰኞ ይሻላቸዋል፤ ስለዚህ ጉንፋን ነበር ተብሎ ይረሳል። ቢሲኖሲስ የሚባለው የጥጥ ሠራተኞች የሳንባ ሕመም ግን መጀመሪያ ላይ የሚታወቀው በዚሁ በሰኞ ጠባዩ ነው፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ሕመሙ ወደ ሌሎቹም ቀናት ይዘልቅና ሳንባው ላይመለስ ይጎዳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። አየሩን ስንለካ ሰውየውንም እንለካ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ክሊኒካችን ባዶ ከቀረ ወዲህ የሳንባን አቅም በዝርዝር የሚለካው ስፒሮሜትር የለንም፤ የቀረን ሰው ምን ያህል በኃይል መተንፈስ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ፒክ ፍሎው ሜትር ነው። እርሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ጋር አይነጻጸርም። ሠራተኛው ከፈረቃው በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት ጊዜ በኃይል ይነፋበታል፤ የሚመዘገበው ትልቁ ነው። ሰኞ ማለዳና ሰኞ ከሰዓት በኋላ የተነፋው ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የደረቱ መጥበብ በወረቀት ላይ ይታያል። እኔ ዛሬ ያልጀመርኩት ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀየረው የካርቶን አፍ መያዣ ስላለቀብኝ ነው።

የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር

የሲስተርን ሐሳብ በደስታ እቀበላለሁ። የብናኝ መለኪያው ግን ይቅደም የሚለው ላይ በአክብሮት ልለይ። እነዚህ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች ብናኝን አይመዝኑም፤ የብርሃን ጨረር ልከው ከብናኙ ላይ የሚበተነውን ብርሃን ይለኩና ወደ ክብደት ይመልሱታል። ይህ ስሌት በፋብሪካ ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የአሪዞና የመንገድ አቧራ በተባለ መደበኛ ዱቄት ነው። የጥጥ ብናኝ ደግሞ ቃጫ፣ የቅጠል ስባሪና አፈር የተቀላቀለበት ስለሆነ ብርሃን የሚበትነው በሌላ መልክ ነው። በዚያ ላይ በሽመና ክፍል ክሩ እንዳይበጠስ ሆን ተብሎ አየሩ ይረጥባል። እርጥበቱ ብናኙን ያሳብጠዋል፤ ከማርጠቢያው የሚወጣው የውኃ ጠብታም እንደ ብናኝ ይቆጠራል፤ መሣሪያው ከእውነተኛው በላይ ያነባል።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ደንብ የጥጥ ብናኝ በፈትል ሥራ ላይ በሜትር ኩብ ከ200 ማይክሮግራም፣ በሽመና ደግሞ ከ750 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ሲደነግግ ቁጥሩ የቆመው ቨርቲካል ኤሉትሪየተር በተባለ የናሙና መሰብሰቢያ ላይ ነው። በብርሃን የተለካ ቁጥር ይዘን «ከ200 በልጧል» ብንል የፋብሪካው ኃላፊ በአንድ ጥያቄ ይጥለናል፤ በእውነትም ትክክል ይሆናል። ስለዚህ የብናኝ መለኪያው ከተገዛ የማጣሪያ ናሙና ጎን ለጎን ተወስዶ በሚዛን እየተመዘነ ለየክፍሉ የማረሚያ ቁጥር ሊወጣለት ይገባል። የናሙና ፓምፑም ፍሰቱ እዚሁ ኮምቦልቻ ላይ፣ ደሴ ከሆነም ደሴ ላይ መስተካከል አለበት፤ በከፍታው ምክንያት አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር ይሳሳልና።

ድምፅ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው። የድምፅ መለኪያ በራሳችን እጅ የምንፈትነው መሣሪያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ድርጅት ተውሰን ይዘን የሄድነውን መለኪያ አስታውሳለሁ፤ ማይክሮፎኑ ላይ 94 ዴሲቤል የሚያወጣውን መፈተኛ ስንገጥምበት ስክሪኑ 91 ላይ ቆመ። ቀዳዳው ውስጥ በደንብ ያልገባ መስሎን አውጥተን በጨርቅ ጠርገን ደግመን አስገባነው፤ አሁንም 91። በአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ምክር መሠረት ያለ መከላከያ ለ8 ሰዓት የሚፈቀደው 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ያ መለኪያ 91 የሆነውን ክፍል 88 ብሎ ያነብልን ስለነበር፣ ለ2 ሰዓት ብቻ የሚፈቀደውን ቦታ 4 ሰዓት ብለን ልንጽፍ ነበር። መፈተኛዋ ባትኖር ማናችንም አናውቅም ነበር። ስለዚህ ከመለኪያው ጋር መፈተኛው ካልተገዛ ፊርማዬን አላኖርም።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ስለ ሐሜት ነው፤ በሽመና ክፍል ግን ቃል በቃል ሆኗል። ጥጥ ጠቅልለው ጆሯቸው ውስጥ የሚከቱ ልጆች የሚከላከል እየመሰላቸው የመስማት ኃይላቸው ሲደክም አያውቁትም። ያ ጥጥ የሚቀንሰው ድምፅ እጅግ ጥቂት ነው።

የቢራ ጠመቃ ክፍል ቴክኒሻን

መምህሩ ስለ ጆሮ ያሉት እውነት ነው፤ ጆሮ ግን በዓመታት ነው የሚሄደው። የእኛ አደጋ በደቂቃ ይገድላል። ቢራ ሲብላላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይና ታንክ ውስጥ ይተኛል፤ ቀለምም የለውም።

በሙያችን የተለመደ አንድ አደገኛ ስሕተት አለና በረቂቁ በግልጽ እንዲጻፍ እለምናለሁ። የኦክስጅን መለኪያ ካለ ይበቃል ይባላል፤ አይበቃም። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 20.9 በመቶ ነው፤ የመለኪያው ደወል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው 19.5 ሲደርስ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ገብቶ ኦክስጅኑን ወደዚያ ለማውረድ ከአየሩ 6.7 በመቶ ያህሉን መያዝ አለበት። ለሕይወት ወዲያው አስጊ የሚባለው መጠን ግን 4 በመቶ፣ ማለትም 40,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 40,000 እጅ) ነው። በዚያን ሰዓት ኦክስጅኑ ገና 20 አካባቢ ስለሆነ ደወሉ ዝም ይላል፤ ሰውየው ግን አደጋ ውስጥ ገብቷል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኢንፍራሬድ የሚለካ ራሱን የቻለ ሴንሰር ያስፈልገዋል። የተለመደው ባለ አራት ጋዝ መለኪያ ኦክስጅን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንጂ እርሱን አይዝም። ግዥ ክፍሉ ይህን ካላወቀ ውድ ዕቃ ገዝተን የማይረዳን ይሆናል።

አጠቃቀሙም ይታሰብ። ደረቱ ላይ ሰክቶ የሚገባ ሰው ጋዙ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ አያውቅም። ከመግባቱ በፊት መሣሪያው በገመድ እስከ ታንኩ ግርጌ ወርዶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይነበብ።

የቆዳ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ

በቴክኒሻኑ ሐሳብ ላይ አጭር ጭማሪ አለኝ። እኛ ጋ ፀጉር በሚመለጥበት ሰልፋይድ ላይ አሲድ ሲደርስበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታው ያስጠነቅቀናል ብለው የሚተማመኑ አሉ፤ መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም ሲጠጋ ግን አፍንጫ ማሽተት ያቆማል። ሽታው ጠፋ ማለት አየሩ ጸዳ ማለት አይደለም። የባለ አራት ጋዙ መለኪያም ለእኛ ይግባልን።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ

መሣሪያዎቹን እደግፋለሁ፤ የሚያሳስበኝ ቁጥሩ የማን ነው የሚለው ነው። ዶዚሜትር ትከሻው ላይ የተሰካለት ወጣት በየደቂቃው የት እንደነበረ መዝገቡ ሊናገርበት ይችላል። ሠራተኛው «ሊከታተሉኝ ነው» ካለ መሣሪያውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ይውላል፤ ልኬቱም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ልኬቱ በፈቃድ ይሁን፤ መዝገቡ ለዲሲፕሊን እንዳይውል በጽሑፍ ይስፈር፤ ውጤቱም ለሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ በሳምንት ውስጥ ይነገረው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ የደኅንነት ሠራተኛም እንዲመደብ አሠሪውን ያስገድዳል። ውጤቱ በቅድሚያ ለዚሁ ኮሚቴ ይቅረብ። ሁለቱም ወገን በእኩል የሚያየው ወረቀት ካልሆነ፣ ጥሩ ሲሆን የሚለጠፍ፣ መጥፎ ሲሆን መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ቁጥር ይሆናል።

የረቂቁ አዘጋጅ፣ የሥራ ደኅንነት ባለሙያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝንባሌዬን ለውጫለሁ። በተሻሻለው ረቂቅ የመጀመሪያው ግዥ ሁለት የድምፅ መለኪያዎች፣ ስድስት ዶዚሜትሮችና መፈተኛቸው፣ ሁለት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያዎችና ሁለት ባለ አራት ጋዝ መለኪያዎች ይሆናሉ። የብናኝ መለኪያው ወደ ሁለተኛው ዙር ተላልፏል፤ እስከዚያ መምህሩ በኢንስቲትዩታቸው የማጣሪያ ምዘና የሚሠራበትን መንገድ እንዲያዘጋጁልን ጠይቄአለሁ። የሙቀት ጫና መለኪያውን የሚሟገትለት ስላላገኘሁ ለጊዜው አውጥቼዋለሁ፤ የብረታ ብረት አባሎቻችን ቢጽፉልኝ እመልሰዋለሁ።

በበጀቱ ላይ ማንም ያላነሣውን አንድ ነገር ጨምሬአለሁ። የጋዝ ሴንሰሮች ሣጥን ውስጥ ቢቀመጡም ያረጃሉ፤ በኬሚካል የሚሠሩት ሴንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው የሚያገለግሉት። የጋዝ መለኪያዎቹ በትክክል ማንበባቸው የሚፈተንበት ጋዝም የአገልግሎት ቀን አለው፤ የታመቀ ጋዝ ስለሆነም ማስመጣቱ ከመሣሪያው ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ የምንጠይቀው ገንዘብ የሦስት ዓመት መለዋወጫና ጋዝ፣ የየዓመቱንም የልኬት ማረጋገጫ የሚሸፍን እንዲሆን አድርጌአለሁ፤ ለዚህም የመሣሪያዎቹ ቁጥር ቀንሷል። አዲስ አበባ ለሚገኘው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የሚሄደውን የጥያቄ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት አደርሳለሁ።

የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ያነሧቸው ሦስት ነጥቦች ቃላቸው ሳይቀየር ገብተዋል፤ ያልተስማማ ድርጅት ከመሣሪያው ተካፋይ አይሆንም የሚል ዓረፍተ ነገርም ተከትሏቸዋል። በዚህ አንቀጽ ላይ ተቃውሞ ያለው አባል እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ።

ሲስተር፣ የእርስዎ ሥራ የማንንም ውሳኔ መጠበቅ የለበትም። የካርቶን አፍ መያዣውን መግዣ ከማኅበራችን መዋጮ ዛሬ አስወጥቼአለሁ፤ የፈትል ክፍሉ ሰዎች ፈቃደኛ ከሆኑ በሚመጣው ሰኞ ከማለዳው ፈረቃ በፊት መጥቼ መዝገቡን እይዝልዎታለሁ።