የዶሮ ቤቴን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፤ አሁን ደግሞ ያስነጥሳሉ

ጡረተኛዋ አራሚ (አራት ኪሎ)፣ ኅዳር 16

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ዝርዝር መተው አይሆንልኝም፤ ታገሡኝ።

የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወንዝ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ አራት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ዶሮዎቼ ያሉት ከማእድ ቤቱ ጀርባ ነው። ቤታቸው ሁለት ሜትር በሜትር ተኩል ሲሆን ሞራሌ ተተክሎ እስከ ወገብ ጣውላ፣ ከዚያ በላይ የዶሮ ሽቦ ተመትቶበታል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቦቫንስ የሚባሉ ዐሥራ አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሩኝ። ባለፈው ግንቦት ቄብ ሳሉ ነው የገዛኋቸው።

ጥቅምት 30 ለኅዳር 1 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጫጫታ ሰማሁ። ባትሪ ይዤ እስክወጣ ጸጥ ብሏል። አራቱ ሞተዋል። ሦስቱ አንገታቸው ላይ ተነክሰው እንዳሉ ተዘርግተዋል፤ አራተኛዋ ጭንቅላት የላትም። ሥጋቸው አልተበላም። እኔን ያናደደኝ ይህ ነው፤ ርቦት ቢሆን ኖሮ አንዷን ይዞ ይሄድ ነበር። የተረፉት ሰባቱ ቆጡ ጥግ ላይ ተጣብቀው እንደ አንድ ትልቅ ዶሮ ሆነው ነበር።

በማግስቱ ያለኝን ማዳበሪያ ከረጢትና ላስቲክ ሁሉ አውጥቼ ሽቦውን ዙሪያውን ሸፈንኩት። ከሥር እንዳይቆፍርም ድንጋይ ደረደርኩ። ኅዳር 12 ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቆሻሻ ሲያጥን ደግሞ ጭሱ እንዳይገባባቸው ብዬ የበሩን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ወተፍኩት። (ልማዱ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝብ ሲፈጅ የመጣ ነው። በሽታውን ለማባረር ተብሎ የተጀመረው ጭስ ዛሬ ግቢውን ሙሉ ያስለናል።)

አሁን ሦስቱ ያስነጥሳሉ። አንዷ ዓይኗ ያለቅሳል። ማታ ጆሮዬን ስጥል እንደሚያንኮራፋ ሰው ይተነፍሳሉ። ደብተሬ ላይ እንዳለው፣ ዐሥራ አንድ ሳሉ በቀን 9 እንቁላል አገኝ ነበር። ከአደጋው በኋላ በነበረው ሳምንት 4 ወረደ፤ ትናንት 2 ብቻ። ጎረቤቴ «ጾም ገብቶ ነው» አለችኝ። ዶሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የነቢያትን ጾም የምትጾመው?

የገባው ምን ዓይነት አውሬ ነው? ማስነጠሱስ ብርድ ነው ወይስ ፈንግል? የምታውቁ አስረዱኝ።

*

ኮንዶሚኒየም ይሻላል፣ ኅዳር 16

ከተማ መሀል ዶሮ ማርባት ራሱ ስሕተት ነው። የቀሩትን ለገና ይሽጧቸውና ይገላገሉ። እንቁላል በየሱቁ ሞልቷል።

*

ጡረተኛዋ አራሚ፣ ኅዳር 16

የሞላውን አይቼዋለሁ፤ ዋጋውንም አይቼዋለሁ። ጥያቄዬ ግን ስለ ዶሮ ቤት ነበር።

*

አናጺው (ቀበና)፣ ኅዳር 17

እናቴ፣ ያ ሽለምጥማጥ ነው። ጭላት ሌሊት አይበርም። ውሻ ቢሆን ኖሮ ጣውላው ተገንጥሎ፣ ላባው ግቢውን ሞልቶት ያገኙት ነበር። ድመት ጫጩት ትወስዳለች እንጂ በአንድ ሌሊት አራት ሙሉ ዶሮ አትጥልም፤ አይጥም ቢሆን ሥራው እንቁላልና ጫጩት ላይ ነው። ሽለምጥማጥ ግን ዶሮዎቹ መሸሻ አጥተው ሲራወጡ ካየ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ ቢጠግብም አይተውም። አንገትና ጭንቅላት ላይ ነው የሚይዘው። መሀል ከተማ ነው ብሎም አይቀርም፤ ወንዙ ዳር ቁጥቋጦ አለ፣ ከቁጥቋጦው እስከ እርስዎ ግቢ ድረስ ደግሞ አጥርና ጣሪያ አለለት።

ስለዚህ ድንጋይ በመደርደር ብዙ አይድከሙ። እሱ የሚታወቀው በመውጣት ነው፤ ከላይ ይፈልጉት። ማታ የምድጃ ዐመድ ነፍተው መሬቱም ላይ፣ ቆርቆሮውም ላይ ስስ አድርገው ይነስንሱ። ጠዋት የመጣበትን መንገድ ያነቡታል። ማንበብ ለእርስዎ አይነገርም።

ሁለተኛው ነገር ሽቦው ነው። የዶሮ ሽቦ የምንለው ያ ስድስት ማእዘኑ ስስ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ የተሠራ አይደለም። የሚያስፈልግዎ በብየዳ የተያያዘው ባለ አራት ማእዘን ሽቦ ነው፤ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ትልቁ አይጥም አያልፍበትም። አዲሱ ውድ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርደው ቢፈልጉ ከፈረሰ ነገር የወጣ ቁራጭ አያጡም። ሲመቱት ደግሞ ምስማር አጥፈው አይተዉት፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርግና አውሬው በጥፍሩ ሲጎትተው ይላቀቃል። ስስ ጣውላ ከላይ ደርበው በብሎን ያጥብቁት።

ከሁሉ በፊት ግን ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ዙሪያውን በእጅዎ ይዳስሱ። ማእዘኑ ላይ ቡጢዎ የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ጭንቅላቱ ይገባል፤ ጭንቅላቱ ከገባ የቀረው አካሉ ይከተላል።

የማስነጠሱን ነገር ለሚያውቁት እተዋለሁ። ስለ ፈንግል ግን አንድ ነገር ልበል። ከአምስት ዓመት በፊት ለፋሲካ የገዛሁትን አውራ ዶሮ ግቢ ውስጥ ከዶሮዎቼ አጠገብ ለሦስት ቀን አሰርኩት። እሱ ታርዶ ተበላ። በሳምንቱ ከዐሥራ ስድስት ዶሮዎቼ ዐሥራ አራቱ አለቁ። ለገና ዶሮ ሲገዙ ጎረቤት ቤት ያሳድሩት።

*

የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ልደታ)፣ ኅዳር 17

ከሩቅ ሆኖ መርምሬአለሁ ማለት አይቻልም። ነገር ግን የጻፉት ነገር ቅደም ተከተሉ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ መጀመሪያ ዘጉ፣ ከዚያ ማስነጠስ ጀመሩ።

ነገ ጠዋት በሩን ከመክፈትዎ በፊት ውስጥ ገብተው በዶሮዋ ቁመት ልክ ቁጢጥ ይበሉና ጥቂት ይቆዩ። ዓይንዎን ካቃጠለዎ እነሱንም ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥላቸው አድሯል። ኩሳቸው እርጥብ ሰጋቱራ ላይ ሲበሰብስ አሞንያ የተባለው ጋዝ ይወጣል። መውጫ ሲያጣ ዓይናቸውንና መተንፈሻቸውን ያቆስላል፤ የቆሰለ መተንፈሻ ደግሞ ለማንኛውም በሽታ በር ነው። ላስቲኩ ትንፋሻቸውንም ወደ ውጭ አያስወጣም። ጠዋት ውስጡን ቢዳስሱት ጠብታ ያገኛሉ።

የእንቁላሉም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ድንጋጤው አንድ ምክንያት ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ያስቆማቸዋል። ሁለተኛው ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፤ እንቁላል ጣይ ዶሮ ግን ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ስድስት ሰዓት ብርሃን ስታገኝ ነው ደህና የምትጥለው። እርስዎ በማዳበሪያ ከረጢት ሲሸፍኑት ከዚያም ላይ ቀነሱባቸው።

ፈንግል ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ በማስነጠስ ብቻ አይቆምም ነበር። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ የክንፍ መውደቅ፣ ድንገተኛ ሞት ካዩ ያችን ዶሮ ለይተው ወዲያው ባለሙያ ይጥሩ። የፈንግል ክትባት ወስደው ያውቃሉ?

*

ጡረተኛዋ አራሚ፣ ኅዳር 18

ቁጢጥ አልኩ። ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም አልኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እኔ አንድ ደቂቃ ያልቻልኩትን እነሱ ዐሥራ ሰባት ሌሊት አደሩበት።

ግን ብርዱስ? የኅዳርን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ከፈትኩት ማለት ደግሞ ለዚያ ለአውሬው ድግስ ጠራሁ ማለት ነው። ክትባት ቄብ ሳሉ ሻጩ ተከትበዋል ብሎኛል፤ ወረቀት ግን አላየሁም። ወረቀት ሳላይ አምኜ የማላውቅ ሴት ዶሮ ላይ ስደርስ አመንኩ።

*

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ኅዳር 18

ላባዋ የሞላ ዶሮ የአዲስ አበባን ብርድ ትችለዋለች። የማትችለው እርጥበትንና ቆጧ ላይ በቀጥታ የሚመታ ነፋስን ነው። ስለዚህ ከቆጡ በታችና ቆጡ ትይዩ ያለው ሁሉ ይዘጋ፤ ከራሳቸው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለት ተቃራኒ ፊት አንድ አንድ ስንዝር ስፋት ያለው ክፍተት ይኑር። ክፍተቱን አናጺው በነገሩዎት ሽቦ ይድፈኑት። አየር ያልፋል፣ ሽለምጥማጥ አያልፍም።

የረጠበውን ሰጋቱራ በሙሉ ያውጡ። ደረቁን ከአምስት እስከ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያንጥፉ፣ በየሁለት ቀኑ ያገላብጡት። አብዛኛውን ጊዜ የሚረጥበው ውኃ መጠጫው ሥር ነው፤ መጠጫውን ጡብ ላይ ያስቀምጡት። መኖውን ማታ ማታ ያንሡ፣ አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። የአይጥ መርዝ ግን እንዳይጠቀሙ፤ የሞተውን አይጥ ዶሮዋም ድመቷም ሊያነሡት ይችላሉ።

ብርሃን መጨመር ከፈለጉ አንዲት ትንሽ አምፖል ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት እስኪነጋ ያብሩላቸው። በማታ አይሁን። በማታ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋል።

ክትባቱ የሚመረተው እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። ችግሩ ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። የሰባት ዶሮ ባለቤት ብቻዋን ከገዛች አብዛኛውን ትደፋዋለች። የአካባቢዎን አርቢዎች አስተባብረው አንድ ጠዋት በጋራ ይከትቡ። ሲያመጡት በበረዶ ይሁን። በውኃ የሚሰጠው ከሆነ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፤ በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ቅባቱ የወጣ የወተት ዱቄት ቀድመው ይበጥብጡበት። እንዲጠሙና ቶሎ እንዲጠጡት ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ይከልክሏቸው። የሚያስነጥሱት ሳይሻላቸው ግን አይክተቡ።

*

ካዛንቺስ የነበርኩ፣ ኅዳር 19

እኔ ከካዛንቺስ ስንነሣ ዶሮዎቼን ሸጥኩ። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ያ በብየዳ የተያያዘው ሽቦ ግን አለኝ፤ አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ስድስት ሜትር ያህል ይሆናል። ባለቤቴ «ለምን ትይዘዋለህ?» እያለች በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። እትዬ፣ ይውሰዱት። ዋጋ አልፈልግም፤ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ስንት እንደሆነ ብቻ እዚህ ይጻፉልኝ።

*

ጡረተኛዋ አራሚ፣ ኅዳር 29

ሪፖርቴን ይዤ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ ዐመዱ። ኅዳር 18 ማታ ነስንሼ አደርኩ። ጠዋት መሬቱ ላይ ያለው አንድም ነገር አልነካውም፤ ድንጋዬን ሁሉ በከንቱ ነው ያመላለስኩት። ቆርቆሮው ላይ ግን ከጎረቤት አጥር ተነሥቶ እስከ ኋለኛው ማእዘን የሚደርስ ዱካ አለ። አጥሩና ጣሪያው የሚቀራረቡት እዚያ ጋ ነው። ማእዘኑን ስዳስሰው፣ የእኔ ቡጢ ትንሽ ቢሆንም እስከ አንጓዬ ድረስ ገባ። ቀዳዳው በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ነበር። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ቀን ወዲህ እሱን ያገደው አንድ ከረጢት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ካወቅሁ በኋላ እስኪጠገን ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሽቦው መጣ። (ልጄ፣ ስድስት ሜትር ብለህ ስድስት ሜትር ከሃያ ነው የሰጠኸኝ፤ ለካሁት።) የግቢያችን ተከራይ አናጺ ባይሆንም መሰርሰሪያ አለው፤ ሁለት ቅዳሜ ሠራልኝ። ከጣሪያው ሥር ሁለቱን ክፍተት አወጣን፣ በሽቦ ደፈንን፣ በስስ ጣውላ ደርበን በብሎን አጠበቅን። የማእዘኑን ቀዳዳ በላሜራ ዘጋነው። በሩ ሁለት መቀርቀሪያ አለው። ላስቲኩን ጣልኩት። ማዳበሪያ ከረጢቱን ግን አልጣልኩም፤ ቆጡ ትይዩ ነፋስ በሚመጣበት ፊት ብቻ አስቀረሁት።

ሰጋቱራውን ሳወጣ ሥሩ ጭቃ ሆኖ ነበር። አዲሱን ከእንጨት ቤት አንድ ጆንያ አመጣሁ። በሦስተኛው ቀን ማስነጠሱ ከሦስቱ በሁለቱ ቆመ። ዓይኗ የሚያለቅሰው አሁንም አልዳነችም፤ ለብቻዋ በካርቶን አድርጌ ማእድ ቤት አስገብቻታለሁ። ለክትባቱ ከግንፍሌ እስከ ቀበና አምስት አርቢ አግኝቻለሁ፤ አንዷ አርባ ዶሮ አላት፤ እስከ ዛሬ አላውቃትም ነበር። የታመመችው ዶሮዬ ስትድን ቀን እንቆርጣለን።

አምፖሏን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት የማበራት እኔው ነኝ። ድሮም በዚያ ሰዓት እነቃ ስለነበር ሥራ አገኘሁ። እንቁላል፦ ኅዳር 22 ሦስት፣ ኅዳር 25 ሦስት፣ ትናንት አራት፣ ዛሬ አምስት።

ትናንት ሌሊት አምፖሏን ለማብራት ስወጣ ቆርቆሮው ላይ ቀስ ያለ እርምጃ ሰማሁ። ቆሜ ጠበቅሁ። ዶሮዎቹ አልተንጫጩም። ጠዋት ዐመዱን ሳየው ዱካው እስከ ማእዘኑ ሄዷል፤ ላሜራው ጋ ሲደርስ ጥቂት ተረጋግጧል፤ ከዚያ ወደ መጣበት አጥር ተመልሷል። ደብተሬ ላይ ከአምስቱ እንቁላል ጎን ጻፍኩት።