ጥቆማ፦ ሀዋሳ ውስጥ ለጃፓን ሱፐር ፋሚኮም ፓወር ሰፕላይ የት ይገኛል?

ፒክሰል፦ ሱፐር ፋሚኮም (የጃፓኑ ሱፐር ኒንቴንዶ የጌም ኮንሶል) ከጃፓን መጥቶልኛል። አዳፕተሩ ላይ ግቤት 100 ቮልት፣ ውጤት 10 ቮልት ዲሲ 850 ሚሊ አምፔር ይላል። እስካሁን አልሰካሁትም። ፒያሳ አዲስ ልግዛ ወይስ ለጠጋኝ ልስጠው? ሱቅ ጠቁሙኝ።

የአቶቴው፦ መናኸሪያ አካባቢ ራዲዮ ከሚጠግኑት ጋሼ ሌላ ማንም እንዳያስነካህ። አለቀ።

ስታኞ፦ አለመሰካትህ ጥሩ ነው። ውስጡ ተራ ትራንስፎርመር ስለሆነ 220 ሲገባበት በወዲያኛው በኩል ከ20 ቮልት በላይ ይወጣል። ከተረፍክ ጥቅልሉ ውስጥ ያለው የሙቀት ፊውዝ ቀድሞ ይበጠሳል፤ ካልተረፍክ ጣጣው ኮንሶሉ ውስጥ ላለው 7805 ሬጉሌተር ይደርሳል። ጠፍጣፋውን ስፒና ወደ ክብ የምትቀይረዋ ትንሽ ነገር ደግሞ ቅርጽ እንጂ ቮልት አትቀይርም።

የምትፈልገው፦ ግቤት 100-240፣ ውጤት 9 ወይም 10 ቮልት ዲሲ፣ 1 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ፣ ጫፉ 5.5 በ2.1 ሚሊ ሜትር፣ መሃሉ ኔጌቲቭ። 9 ይበቃል፤ 7805 ወደ 5 ስለሚያወርደው ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው። አምፔር ቢበዛ አይጎዳም፣ ኮንሶሉ የሚበቃውን ብቻ ነው የሚስበው።

ታቦር፦ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ልክክ ብሎ ይገባል። ምን ገንዘብ ያስወጣዋል?

ስታኞ፦ መግባቱማ ይገባል። መሃሉ ግን ፖዘቲቭ ነው። ተገልብጦ ሲገባ ፊውዙን ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ዲቫይደር፦ ፒያሳ "የጌም አዳፕተር" እያሉ የሚሸጡት አንድ ሱቅ አለ፣ ከእሱ ተጠንቀቅ። ላዩ ላይ 2 አምፔር ይላል፤ ኮንሶሉ ሲበራ 6 ቮልት ላይ ይወድቃል። 7805 ወደ 7 ገደማ ካላገኘ 5 መስጠት አይችልም፣ ስለዚህ ጌሙ መሃል ላይ ራሱን ያስነሳል። ስትመልስላቸው "ኮንሶልህ ነው" ይሉሃል።

የአቶቴው፦ የትኛው ሱቅ? ከባንኩ ጎን ያለው ከሆነ ውሸት ነው፣ ዕቃቸው አንደኛ ነው።

ዲቫይደር፦ በቴስተር ሲለካ የወጣው ቁጥር ነው። ቴስተር ደንበኛ አይመርጥም።

የአቶቴው፦ ቴስተሩስ ከየት ተገዛ?

ሐይቅ ዳር፦ ሰውየው ፓወር ሰፕላይ ጠየቀ፣ እኛ የሱቅ ምርጫ ቦርድ ሆነናል። ቀጥሉ፣ ቆጠራው ሲያልቅ ንገሩን።

ለማንኛውም በእኛ 50 ኸርዝ መብራት ላይ ጌሙ እንደሚንቀራፈፍ አትርሱ።

ስታኞ፦ አይንቀራፈፍም። አዳፕተሩ የሚሰጠው ዲሲ ነው፣ ኸርዝ የለውም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ቦርዱ ላይ ያለው ክሪስታል ነው። ራሷ ጃፓን ቶኪዮ 50፣ ኦሳካ 60 ኸርዝ ነች።

ክራር፦ ማንም ያላነሳው አለ፦ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ። የጊታር ፔዳል አዳፕተር አብዛኛው 9 ቮልት፣ መሃሉ ኔጌቲቭ፣ ጫፉም ያው 5.5 በ2.1 ነው። አምፔሩን ብቻ አንብብ፤ ብዙዎቹ 500 ሚሊ ወይም ከዚያ በታች ናቸው፣ አይበቁም።

ፖዘቲቩን ብቻ ካገኘህ ገመዱን መሃል ላይ ቆርጠህ ሁለቱን ሽቦ አቀያይረህ በስታኞ በይድ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ሸፍን። ከዚያ ሳትሰካ ለካ፦ ቀዩን የቴስተር ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ፣ ጥቁሩን ውጭኛው ብረት ላይ። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ልክ ነው።

የአውሮፓ ሱፐር ኒንቴንዶ አዳፕተር ቢሰጡህ ግን እንዳትቀበል። ግቤቱ ለእኛ ይስማማል፤ የሚያወጣው ግን 9 ቮልት ኤሲ ነው፣ ያንተ ዲሲ ይፈልጋል።

ታቦር፦ ስታቢላይዘር ካለው ምን አስጨነቀው?

ክራር፦ ተራ ስታቢላይዘር 220ን 220 ነው የሚያደርገው። አንዳንዱ 110 የተጻፈበት ሶኬት አለው፤ ለጃፓኑ እሱም 10 በመቶ ይበልጣል፣ አዳፕተሩ ይሞቃል። ሌላ እስኪገኝ ይሠራል።

ፒክሰል፦ እሺ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ቢመጣስ?

ክራር፦ ቲቪው ፓል በሚባለው የከለር ሥርዓት ላይ ቆሟል፣ ኮንሶሉ ግን የጃፓኑን ኤንቲኤስሲ ይልካል ማለት ነው። ሜኑ ውስጥ ከለር ሲስተም የሚለውን ኤንቲኤስሲ ወይም አውቶ አድርገው። የትኛውን ገዛህ ግን?

ታቦር፦ የአርኤፍ (በአንቴና ቀዳዳ የሚገባው) ገመድስ አይሻልም?