የሃይስ ሞተርና ካምቢዮ ግቢ ውስጥ ማውረድ፦ ክሬን በሌለበት እንዴት ይሠራል?

የግቢ ሥራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የድሮው ቅርጽ ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ ነው፤ ሞተሩ 3ኤል ናፍጣ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ባለ 5 ማርሽ። ሞተሩ ዘይት ስለሚበላ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል፣ ፍሪሲዮኑም (ክላቹም) ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ሁለቱም መውረዳቸው አይቀርም። በእጅ ያለው ባለ 1 ቶን የሰንሰለት ማንሻ፣ ሁለት ባለ 5 ቶን የዘይት ክሪክ፣ ባለ 2 ኢንች የውኃ ቱቦ፣ ባህር ዛፍና ብሎኬት ነው። ግቢው አፈር ነው። አንድ ላይ ይውረዱ ወይስ ለየብቻ? ሞተሩ በመኪናው ሥር ይውረድ ወይስ በፊት በር ይውጣ? ማንሻውስ ምን ላይ ይሰቀል?

ናፍጣና ዘይት (መላሽ)

ለየብቻ። ካምቢዮው ቀድሞ በታች ይወርዳል፣ ሞተሩ ከዚያ ይከተላል። አንድ ላይ ስታወርዳቸው ርዝመቱም ክብደቱም ለግቢ ይከብዳል፣ ሚዛኑን ለመያዝም ሁለት ማንሻ ያስፈልግሃል።

ከሁሉ በፊት ግን ብሎኬቱን አርቀው። ብሎኬት እየተሰነጠቀ አያስጠነቅቅም፤ ክብደቱ አንድ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ድንገት ይፈረካከሳል፣ ሥሩ ያለ ሰው ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ክሪክም ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። አፈር ላይ እንዳይሰምጥ 40 በ40 ሴ.ሜ የሆነ፣ 5 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ጣውላ ከሥሩ አስተኛ። መኪናው ከተነሳ በኋላ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ሥር ወፍራም ጣውላ ሁለት ሁለት እያደረግህ በመስቀለኛ ደርብ፤ የቁልሉ ከፍታ ከመሠረቱ ስፋት አይብለጥ። የኋላ ጎማዎችን በፊትም በኋላም በድንጋይ ደግፍ፤ ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ከወጣ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይዝም። ሥሩ ከመግባትህ በፊት ሚኒባሱን በትከሻህ ወደ ጎን ግፋው። ከተንቀጠቀጠ ቁልሉን አፍርሰህ እንደገና ሥራ።

አሁን ካምቢዮው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። የካምቢዮውን ዘይት ከማፍሰስህ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍታ፤ ማፍሰሻውን ከፍተህ መሙያው እምቢ ካለህ ባዶ ካምቢዮ ይዘህ ትቀራለህ። ካርዳኑ ከዲፈረንሻሉ ጋር በሚገናኝበት በሁለቱም ፊቶች ላይ በስንጥር ብረት ምልክት አድርግ፤ በነበረበት ካልተመለሰ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል። የፊተኛው ጫፍ ከካምቢዮው ተስቦ ሲወጣ የቀረው ዘይት ስለሚፈስ ቀዳዳውን በላስቲክና በገመድ እሰር።

የፍሪሲዮኑን የታችኛውን ሲሊንደር ከነቱቦው ፈትተህ በሽቦ ወደ ጎን ስቀለው። ቱቦውን አትፍታ። ከዚያ በኋላ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ ፔዳሉ ላይ ጨርቅ እሰርበት፤ አንድ ጊዜ ከተረገጠ ፒስቶኑ ተፈናጥሮ ይወጣል። ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን)፣ የኪሎሜትር ገመዱን፣ የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦውንና የማርሽ ገመዶቹን አውጣ።

የካምቢዮው ሱፖርቶ (የሚያርፍበት መያዣ) ከተፈታ በኋላ ሞተሩ በፊት ሱፖርቶዎቹ ላይ ብቻ ስለሚቀር ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሁለተኛውን ክሪክ ከሞተሩ ጀርባ ሥር አድርግ፣ ነገር ግን ኮፓው (የሞተሩ የታች ዘይት መያዣ) ላይ አይደለም። ኮፓ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ወደ ውስጥ ከተረገጠ ከዘይት መምጠጫው ጋር ይጣበቃል፣ ሞተሩም ታድሶ ገና ከመነሳቱ ዘይት አጥሮት ብሮንዚናው (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንኩ፣ የሚዞርበት ስስ ማረፊያ) ይቃጠላል። ጫናውን የሞተሩ ብሎክ (ዋናው አካሉ) ጠርዝ ላይ በሰፊ ጣውላ አሳርፈው።

የካምቢዮውን ቤት የሚይዙትን ቡሎኖች ስትፈታ እርስ በርስ ተቃራኒ ያሉ ሁለቱን ለመጨረሻ አቆይ። ሲወጡ ካምቢዮው ቀጥታ ወደ ኋላ ይሳብ። የካምቢዮው ግቤት ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ካምቢዮው ወደ ታች ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮን ዲስኩን እምብርት ያጣምማል። ካምቢዮውን ክሪኩ ላይ ካለው ጣውላ ጋር በገመድ እሰረው፤ ለሁለት ሰው የሚከብድ ብረት ነው፣ ክብ ስለሆነም ይንከባለላል።

ምሰሶና ሰንሰለት (መላሽ)

ማንሻው የት ይሰቀል ለሚለው፦ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይም፣ በር ክፈፍ ላይም፣ ጣሪያ ላይ ባለ ዕቃ መጫኛ ላይም አይሆንም። በሁለቱ የፊት በሮች አሳልፈህ ቱቦ አጋድመህ ጫፎቹን ከመኪናው ውጭ በምሰሶ አሳርፍ።

ያለህ 2 ኢንች ቱቦ አይሆንም። ሞተሩን ከነማያያዣው 250 ኪሎ ብለህ አስብ፣ የመኪናው ስፋት 1.69 ሜትር ነው፣ ሞተሩ ውጭ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ ሲጨመር በምሰሶዎቹ መካከል ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። በዚህ ርቀት 2 ኢንቹ መሃል ላይ ይጎብጣል፣ አንዴ ከጎበጠም አይመለስም። 3 ኢንች፣ ግድግዳው 4 ሚ.ሜ የሆነ ቱቦ ግን ይችላል። ቱቦው የተበየደ መገጣጠሚያ እንዳይኖረው እይ።

ምሰሶው በየጫፉ ሦስት እግር ይሁን። ባህር ዛፉ ውፍረቱ ከ12 ሴ.ሜ ያላነሰ፣ ያልተሰነጠቀና ያልነቀዘ ይሁን። ሰዎች የሚረሱት እግሮቹን ነው፦ ሦስት እግር 250 ኪሎ ሲሸከምና እያንዳንዱ ከቀጥታ ቁመት በ30 ዲግሪ ሲዘረጋ እግሩ ወደ ውጭ በ48 ኪሎ ኃይል ይገፋል፤ በ45 ዲግሪ ደግሞ 83 ኪሎ ይሆናል። አፈር ይህን አይዝም። የእግሮቹን ታች በሰንሰለት ዙሪያውን አስተሳስር፣ እያንዳንዱንም 15 ሴ.ሜ ጉድጓድ ውስጥ ክተት። ቱቦው ላይ እንዳይንሸራተት ማንሻው ከሚሰቀልበት ቦታ በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ዙር ሽቦ ጠምጥም። ሙሉ በሙሉ ከማንሳትህ በፊት ሙከራ አድርግ፦ ሞተሩን 2 ሴ.ሜ ብቻ አንስተህ አምስት ደቂቃ ተወው፤ ምሰሶዎቹ ከተንቀሳቀሱ አሁን ታያለህ።

ናፍጣና ዘይት

ከላይ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፦ በበር ይወጣል ከማለትህ በፊት ሥሩ ተኝተህ በመብራት እይ። ከኮፓው ሥር የሚያቋርጠው ብረት በቡሎን የታሰረ ከሆነ ሞተሩን በታች ማውረድ ይቻላል፤ ለዚያ ግን መኪናው ከሞተሩ ቁመት በላይ መነሳት አለበት፣ አፈር ላይ ይህን አልመክርም። በበር ይሻላል። የፊት መቀመጫዎቹና የሞተር መሸፈኛው ይውጡ።

ሲነቀል ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከዲናሞው ጀርባ ያለው የቫኪዩም ፖምፕ ነው፤ የፍሬን ቫኪዩም ማኒኮቶ (የላስቲክ ቱቦ) እና የዘይት ቱቦዎች አሉት። ሁለቱን የናፍጣ ቱቦዎች፣ መግቢያና መመለሻ፣ በተለያየ ቀለም ፕላስተር ምልክት አድርግ። የነዳጅ ገመድ (ከነዳጅ ፔዳሉ የሚመጣው)፣ የካንዴሌታ (ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ሽቦ፣ የራዲያተርና የማሞቂያ ማኒኮቶዎች፣ ከብሎኩ ወደ ሻንሲ የሚሄደው የመሬት ሽቦም ይነቀላሉ። የመሬት ሽቦውን በስልክህ ፎቶ አንሳው። የክራንክ ፑሊውን ዋና ቡሎን ካርዳኑ ሳይወጣ፣ 5ኛ ማርሽ ገብቶና ፍሬን ተይዞ ፍታው፤ ከወጣ በኋላ የሚይዝልህ ነገር አይኖርም።

ሰንሰለቱን ሞተሩ ላይ ባሉት የፋብሪካ ማንጠልጠያዎች እሰር፤ ከጠፉ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) የሚገባ ጥንካሬው 8.8 የሆነ ቡሎን ተጠቀም። ማኒፎልድ (የአየርና የጭስ መተላለፊያው) ላይ አትሰር። ሞተሩ ተሰቅሎ ሳለ ሥሩ እጅ አይግባ፣ ሲያርፍም በቀጥታ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥ።

የግቢ ሥራ

ብሎኬቱን ትቻለሁ፣ ባለ 3 ኢንች ቱቦ እፈልጋለሁ። ሲመለስስ? ዲስኩን መሃል ለማድረግ ልዩ መሣሪያ የለኝም።

ምሰሶና ሰንሰለት

አሮጌ የካምቢዮ ግቤት ዘንግ ካገኘህ ያ ነው መሣሪያው። ካጣህ የተጠረበ እንጨት ይሠራል፦ አንዱ ጫፍ ክራንኩ ጫፍ ያለው ትንሽ ኩሽኔት (ቤሪንግ) ውስጥ በልኩ እስኪገባ ድረስ፣ መሃሉ የዲስኩን ቀዳዳ እስኪሞላ ድረስ ፕላስተር ጠምጥምበት። የዲስኩ ወጣ ያለ እምብርት ወደ ካምቢዮ ይዙር። ፍሪሲዮኑን ስታስር ቡሎኖቹን በተቃራኒ እየተዘዋወርህ ጥቂት ጥቂት ጥበቅ፣ ማጠቃለያው 19 ኒውተን ሜትር ነው። የክራንኩን የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ) ግን ከዚያ በፊት፣ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) ወጥቶ ሳለ ቀይር፤ ርካሽ ነው፣ ከተተወ ግን ካምቢዮውን እንደገና ያስወርድሃል።

ካምቢዮው በእጅ ግፊት እስከ መጨረሻ ካልገባ አይግባ ማለት ነው። ቡሎን ጠብቀህ አትሳበው። የካምቢዮው ቤት አሉሚኒየም ስለሆነ የቡሎኑ ጆሮ ይሰበራል። አንድ ሰው ክራንክ ፑሊውን በቁልፍ ትንሽ ሲያዞር ጥርሱ ይገጥማል፣ ካምቢዮውም ራሱ ይገባል።

ናፍጣና ዘይት

ሞተሩን ስታስነሳ፦ መጀመሪያ በናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መቁረጫ ሽቦ ነቅለህ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሪኖውን አዙር፤ አንዱ ሙከራ ከ10 ሰከንድ አይብለጥ፣ መሃል ላይ ይረፍ። ከዚያ ሽቦውን መልስ፣ የናፍጣ ማጣሪያው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ጫነው። ካልተነሳ የኢንጀክተሮቹን (የናፍጣ ረጪዎቹን) ዳዶ ትንሽ ላላ አድርገህ አዙር፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲንጠባጠብ አንድ በአንድ አጥብቅ። ፊትና እጅ ያርቁ፣ ከኢንጀክተር መስመር የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

ሞተሪኖው በዝግታ የሚዞር ከሆነና የነዳጅ ገመዱ ወይም የማርሽ ገመዱ ከሞቀ ወዲያው አቁም፤ ያ የመሬት ሽቦው አልታሰረም ማለት ነው፣ የሞተሪኖው ጅረት ሁሉ በገመዱ በኩል እየተመለሰ ነው።