የመጡት እንግዶች እንዳይጠፉብን ምን እናድርግ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ አያት ኮንዶሚኒየም አካባቢ የወንጌል ስርጭት አድርገን ነበር። መዝሙር፣ ምስክርነት፣ ከዚያ ሻይ በዳቦ። 43 ሰዎች ስማቸውንና ስልካቸውን ሞሉልን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የመጡት ግን 6 ብቻ ናቸው።

የክትትሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ወረቀቶቹን ለ5 አገልጋዮች አከፋፈልኩ። አንዳንዱ ቁጥር አንድ አሃዝ ይጎድለዋል። አንዳንዱ አይነሳም። ቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን አስገባናቸው፤ በ2 ቀን ውስጥ ግማሹ ወጣ። ይሄ የእኛ ጥፋት ይመስለኛል፤ ሳንጠይቃቸው ነው ያስገባናቸው።

አንዲት ልጅ ደግሞ ከሐሳቤ አልወጣ አለችኝ። ከወረቀቷ ጀርባ በእርሳስ «ከ12 ሰዓት በኋላ አትደውሉ፣ ቤተሰብ አለ» ብላ ጽፋ ነበር። እኛ ጀርባውን ሳናይ ማታ 2 ሰዓት ደወልን። ወንድሟ አነሳው። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው።

በዚህ አገልግሎት የቆያችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። መጀመሪያ መደወል ይሻላል ወይስ አጭር መልእክት መላክ? በስንተኛው ቀን? ሴቶቹን እህቶች ብቻ ይከታተሏቸው? ቤታቸው ሄዶ መጠየቅስ መቼ ነው የማያስፈራቸው? ለዚያች ልጅስ፣ ሌላ ችግር ሳልፈጥርባት ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ ይኖር ይሆን?