ጥቆማ፦ የካምፐር መኪና የጎማ ጣራ መሃል ከተማ ላይ ማን ያጥባል? ማሸጊያውስ የት ይገኛል?

ልደታ ሠፈር፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። እኔና ወንድሜ ለእንግዶች የምናከራያት አንዲት ካምፐር አለችን። አልጋ፣ ምድጃና የእቃ ማጠቢያ ያላት፣ ያገለገለች ሆና ከውጭ የገባች ናት። ጣራዋ ቆርቆሮ አይደለም፣ ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ ነጭ ጎማ ነው። የምትቆመው ልደታ ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ስለሆነ ቅጠሉም፣ የወፍ ኩሱም፣ አቧራውም እዚያው ጣራ ላይ ነው የሚያርፈው። ነጭነቱ ጠፍቶ አመድማ ሆኗል። በእጅ ሲነካ ነጭ ዱቄት ይተዋል፣ ሲዘንብ ደግሞ ነጭ ውሃ በጎኗ ይወርዳል። ሰኔ ሳይገባ ማጽዳትና ማሸግ ፈልገናል።

ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ባለው ውስጥ የጎማ ጣራ ማጠብ የሚያውቅ ላቫጆ ወይም ጋራዥ ጠቁሙኝ። የጣራ መስኮቱ ዙሪያ ያለው ማሸጊያም ተሰነጣጥቋል። የሚተካው ነገር የት ይሸጣል?

ተክልዬ፦
እህቴ፣ ሌላ ቦታ አትድከሚ። ከተክለሃይማኖት አደባባይ ዝቅ ብሎ ያለው ላቫጆ ውሰጂያት። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ መኪናችን ሌላ ቦታ ታጥባ አታውቅም። ልጆቹ ታማኝ ናቸው፣ መኪና ውስጥ የረሳሽውን ሳንቲም እንኳ ቆጥረው ይመልሳሉ። የግፊት ውሃቸው ደግሞ የአምስት ዓመት ጭቃ ያነሳል።

ልደታ ሠፈር፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። የጎማ ጣራ አጥበው ያውቃሉ? መሰላልስ አላቸው?

ተክልዬ፦
መኪና መኪና ነው እህቴ። ሚኒባስም፣ አይሱዙም፣ የጭነት መኪናም ያጥባሉ። እኔ ሄጄ አስተዋውቅሻለሁ።

ኮድ 3፦
ኧረ ተጠንቀቂ እህቴ! እኔ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኜ ስሠራ ተመሳሳይ ጣራ ያላት ተጎታች ነበረችን። የጋራዡን ስም አልጠራም። የአስፋልት ሬንጅ ተረጭቶባት ነበርና «እናጸዳለን» ብለው ተቀበሉን። ልጁ ቤንዚን በጨርቅ እያጠቀሰ ጣራውን በሙሉ ፈተገው። ሬንጁ ለቀቀ፣ እኛም ተደሰትን። በማግስቱ ግን ጎማው እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ እዚህም እዚያም አብጦ አገኘነው። ስንመልስላቸው ያበጠውን በቢላ ቀደው ሲሊኮን ሞሉበት። ያ ክረምት ፍራሹ በሰበሰ፣ የጣራው ኮምፔንሳቶ በጣት የሚበሳ ሆነ። እኔም ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ። እስከ ዛሬ ያንን ጋራዥ ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

ቄራ፦
በማርያም! ገንዘባችሁን መለሱ?

ኮድ 3፦
የምን መመለስ! «ጣራው ድሮም አርጅቶ ነበር» አሉን። ደረሰኝ ላይ የተጻፈው «እጥበት» ብቻ ስለሆነ መከራከሪያም አጣን። ሥራው ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚጸዳ በጽሑፍ ሳታስይዙ መኪና አትስጡ።

ሸራ ተራ፦
እውነት ነው። የእኔንም ጎረቤት ቀለም ቀቢ እንዲሁ አድርጎታል። በር ቀባ፣ በክረምት ተላጠ፣ ስልኩን ዘጋ። ሁሉም አንድ ናቸው።

ኮድ 3፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ የተረዳኝ አንተ ብቻ ነህ። የእኔን ታሪክ በሙሉ ብጽፈው መጽሐፍ ይወጣዋል። ለፖሊስም ልናመለክት ነበር...

እዩት ኮንስትራክሽን ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ለጣራ መፍሰስ መፍትሔው ሜምብሬን ነው። ቄራ አካባቢ ያለ የጓደኛዬን ቤት ቴራስ ሠርቼ ሁለት ክረምት ጠብ አላለም። ጥቅሉን ዘርግተሽ በጋዝ እሳት እያቀለጥሽ ታጣብቂዋለሽ። እቃውን ከመርካቶ እኔ አመጣልሻለሁ፣ በካሬ ተነጋግረን እንሠራለን።

አፍንጮ በር፦
በጣም ጥሩ። ከሥሩ ኮምፔንሳቶ፣ ከውስጥ ስፖንጅ ፍራሽና የጋዝ ሲሊንደር ባለበት መኪና ላይ እሳት ይለቀቅ። ካምፐሯ ላይፈስባት ይችላል፣ ምክንያቱም አትኖርም። ጠያቂዋ የጠየቀችው ማጠቢያና ማሸጊያ ነው። እስካሁን አንዱ ላቫጆውን አወደሰ፣ አንዱ ክስ መሠረተ፣ አንዱ ቴራስ ሸጠ።

ተክልዬ፦
ላቫጆውን ያወደስኩት ስለሚገባው ነው። አንተ ሄደህ አይተኸዋል?

የድሮ ቦዲ ሠሪ፦
ልጆቼ፣ ቀስ በሉ። እኔ ለብዙ ዘመን የአውቶቡስ ቦዲ ስሠራ ኖሬአለሁ፣ እንዲህ ያለ የጎማ ጣራም እጄ ገብቶ ያውቃል። ልጄ ልደታ፣ መጀመሪያ ጣራሽ ምን እንደሆነ እወቂ። የጣራ መስኮቱን የውስጥ ክፈፍ ፍቺና የጎማውን ቁራጭ ጠርዝ ተመልከቺ። ላዩ ነጭ ሆኖ ጀርባው ጥቁር ከሆነ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ነው። ጀርባውም ጥቁር ካልሆነና ላዩ የማብለጭለጭ ጠባይ ካለው ቲፒኦ የሚባለው ሊሆን ይችላል። እሱ ከፕላስቲክ ወገን ነው፣ ነጭ ዱቄትም እንደ ኢፒዲኤም አይጥልም። አንቺ የነገርሽን ዱቄት ግን የመጀመሪያው መሆኑን ያመለክታል።

ዱቄቱ አያስደንግጥሽ። ፀሐይ ላዩን ቀስ በቀስ ስትበላው የሚመጣ ነው፣ ከተማችን ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ ትጠነክራለች። ጎኗ ላይ የሚወርደው ነጭ ውሃም እሱው ነው። ጣራው በየጊዜው ከታጠበ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ማጠቡ። የዚህ ጎማ ጠላቱ ነዳጅና ከነዳጅ የሚወጣ ነገር ሁሉ ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ አኳራጅ፣ የጎማ ማብለጫ ቅባት፣ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ያለበት ማጽጃም ጭምር። ጎማው ይጠጣቸዋል፣ ያብጣል፣ ከሥሩ ያለውን ሙጫ ይለቃል። ኮድ 3 የደረሰበት ይኸው ነው። ውሃ፣ ትንሽ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጭራ ያለው ረጅም እጀታ ብሩሽ ይበቃል። አሸዋ ያለበት ዱቄትና የብረት ሽቦ አይነካውም።

አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ የመኪናዋን ጎን በውሃ አርጥቢ፣ ምክንያቱም ደረቅ ጎን ላይ የወረደ እድፍ ይይዛል። ከዚያ ጣራውን በካሬ ሜትር እየከፈልሽ እሹና ሳሙናው ሳይደርቅ ወዲያው አለቅልቂ፣ ወደ መሰላሉ እያፈገፈግሽ ውረጂ። ሳሙና የነካው ጎማ በጣም ያንሸራትታል፣ ስለዚህ ቆሞ መሄድ የለም። ሰፊ ኮምፔንሳቶ ዘርግታችሁ በጉልበት ሥሩ። እየዳሰሳችሁም ሂዱ። ከእጅ በታች የሚሰምጥ ቦታ ካለ ሥሩ እንጨቱ በስብሷል ማለት ነው፣ እሱን የትኛውም እጥበት አያድነውም።

ልደታ ሠፈር፦
ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን! በሙሉ ጽፌ ይዣለሁ። የግፊት ውሃው ግን ይጎዳል ወይ? ላቫጆ ልውሰዳት ወይስ ግቢ ውስጥ እንጠባት?

የድሮ ቦዲ ሠሪ፦
ግፊቱ ጎማውን ከላይ ቢመታው ብዙም ላያስቸግር ይችላል። አደጋው ጠርዝና ማሸጊያ ላይ ነው። የተሰነጠቀ ማሸጊያ ውስጥ በግፊት የገባ ውሃ አንድ ክረምት ከሚያስገባው የበለጠ ያስገባል። ስለዚህ የላቫጆ ልጆች ጣራው ላይ ተራ የውሃ ቱቦ ብቻ እንዲጠቀሙ አስምሉልኝ። ካልተስማሙ ግቢያችሁ ይሻላል።

ተክልዬ፦
የእኛ ልጆች ያዘዝካቸውን ያደርጋሉ ጋሼ። ቱቦ ካልክ ቱቦ ነው። አሁንም እዚያ ውሰጃት እላለሁ።

ቄራ፦
ይቅርታ ከርዕሱ ብወጣም፣ ካምፐሯን ለላንጋኖ ታከራዩአታላችሁ? አራት ሰው ታስተኛለች? መንጃ ፈቃዱስ የትኛው ደረጃ ነው?

እዩት ኮንስትራክሽን ሠራተኛ፦
እኔም ልጠይቅ ነበር። ቀረጡስ ስንት መጣባችሁ?

ሸራ ተራ፦
ማሸጊያ ምናምን ከማለት ለምን አትሸፍኗትም? መርካቶ ሸራ ተራ በልክ ይሰፉላችኋል። አንዴ ሸፍናችሁ መስከረም ላይ ትከፍታላችሁ።

የድሮ ቦዲ ሠሪ፦
ሸራ ለፀሐይ ጥሩ ነው፣ በክረምት ግን ንፋስ ሲያወዛውዘው ጎማውን ይፍቃል። ውሃም ከሥሩ ታፍኖ ሻጋታ ያበቅላል። ከሸፈኑ ጠርዙን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጎኑን ለአየር ክፍት አድርገው ነው። ከሁሉ በፊት ግን ባሕር ዛፉ ሥር ማቆሙን ይተዉ። የሚወርደው ቅርንጫፍ ጎማ ይቀዳል፣ ቅጠሉም ውሃ እንዳይወርድ ያግዳል።

ኮድ 3፦
ጋሼ፣ ሲሊኮኑስ? ያ ጋራዥ ሲሊኮን «የዓለም ምርጥ» ብሎ ነው የሞላብን።

የድሮ ቦዲ ሠሪ፦
ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት ነው። ኢፒዲኤም ላይ በደንብ አይዝም፣ ጠርዙ ይነሳል። የባሰው ደግሞ እሱ ያለበት ቦታ ላይ በኋላ ምንም ነገር አይጣበቅም፣ ሙልጭ አድርጎ ማንሳት ግድ ነው። ለእነዚህ ጣራዎች የተሠራው ማሸጊያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሲፈስ ራሱ የሚንጣለል ነው፣ የጣራ መስኮትና የብሎን ዙሪያ የሚፈስሰው እሱ ነው። ሌላው የማይንጣለል ሲሆን ለጎንና ለቁልቁል ጠርዝ ይሆናል። የድሮው ማሸጊያ ይዞ ከቆየ አትንቀሉት፣ አጽድታችሁ ላዩ ላይ ጨምሩበት። የሚነሳውን ብቻ በፕላስቲክ ፋቂ አንሱ። ብረት አይነካው።

አፍንጮ በር፦
ቅድም ተናድጄ ነበር፣ አሁን ልጥቀስ። ማሸጊያውን ከመርካቶ እስከ ሱማሌ ተራ ዞሬ ለጎማ ጣራ ተብሎ የተሠራ አላገኘሁም። የሚሸጡት ሲሊኮንና የፖሊዩሬታን የመስታወት ማጣበቂያ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ዳይኮር የሚባለውን ራሱን የሚንጣለል ማሸጊያና ኢተርናቦንድ የሚባለውን ቴፕ አስመጡ። ቴፑ ጥቅል ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ አያስቸግርም። የማሸጊያውን ቱቦ ግን ሻጩን ጠይቁ፣ በአውሮፕላን የማይፈቀድ ዓይነት ማጣበቂያ አለና።

መርካቶ የሕንጻ መሣሪያ ሱቆች አሉሚኒየም ጀርባ ያለው ተለጣፊ ቴፕ አላቸው። ስትገዙ ማጣበቂያው ቡቲል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው ወይስ ሬንጅ ብላችሁ ጠይቁ። ሬንጁ ከነዳጅ ወገን ስለሆነ ጋሼ ያሉት ጣጣ ውስጥ ይከታችኋል። ቡቲሉ ግን ንጹሕና ደረቅ ጎማ ላይ ጥሩ ይይዛል። ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ካጣችሁ የእኔን ውሰዱ፣ አፍንጮ በር ቤቴ አለ።

ሸራ ተራ፦
ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ የማጣበቂያ ሱቅ ነበር፣ እሱን ሞክሩ። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው።

ተክልዬ፦
ዶሮ ማነቂያ? ያ ሠፈር በ2016 ፈርሶ የለ እንዴ! ሰውየው ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ካለ ይንገረን። እኔም ማስቲሽ የምገዛው ከሱ ነበር።

ሸራ ተራ፦
ወደ መርካቶ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጁን አግኝቼ እጠይቅልሃለሁ።

ልደታ ሠፈር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን። ዛሬ የመስኮቱን ክፈፍ ፈትተን አየን፣ ጀርባው ጥቁር ነው። የሰመጠ ቦታ እስካሁን አላገኘንም። ከወንድሜ ጋር ተመካክረን እንወስናለን። (ለቄራ፦ ስለ ኪራይ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።)

ተክልዬ፦
እሁድ ጠዋት ሰው ስለማይበዛ ላቫጆ ላይ እጠብቅሻለሁ እህቴ። አትከፍይም፣ ለመጀመሪያዋ እጥበት እኔ አለሁ።

ኮድ 3፦
ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። የእኛዋ ተጎታች አሁንም ግቢ ውስጥ ቆማለች። ከፊት በኩል ያለው እንጨት ደህና ነው፣ ያበጠው ጎማ ግን አልወረደም። ይህ ይጠገናል ወይስ ጣራው በሙሉ ይነሳ?

የድሮ ቦዲ ሠሪ፦
ሥሩ ደህና ከሆነ ይጠገናል ልጄ። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ በደንብ ይተንፍስ፣ ጎማው የጠጣው ቤንዚን ሲወጣ እብጠቱ አንዳንዴ ይቀንሳል። ያልወረደውን ቆርጠህ አውጣ፣ እንጨቱን አድርቅ። ከዚያ ከዚያው ዓይነት ጎማ በየአቅጣጫው 5 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ ቁራጭ አዘጋጅ፣ ማዕዘኑን ክብ አድርገው፣ ሹል ማዕዘን ይነሳል። ሁለቱንም ገጽ በሳሙና አጥበህ ስታደርቅ ለኢፒዲኤም በተሠራው ማጣበቂያ ለጥፈው፣ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫንክ አየሩን አስወጣ። ዳሩን በማሸጊያ ዝጋ። ሲሊኮን የነካውን ቦታ ግን ሳታጸዳ እንዳትጀምር። ተጎታቿ ያለችው የት ነው?

ኮድ 3፦
ጎተራ ናት ጋሼ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመችዎታል?