ደንገል ላይ ያየኋቸው ሁለት የውሃ ተርቦች አንድ ዓይነት ናቸው?

የደንገል ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ባሕር ዳር፣ ታንኳ የሚታሰርበት ጋ ቁጭ ብዬ ሁለት የውሃ ተርቦች ሳይ ዋልኩ። ያቺ ልጆች ሄሊኮፕተር የሚሏት። አንዷ ደማቅ ቀይ፣ ቀጠን ያለች። ሌላዋ ሰፋ ብላ ወደ ወይን ጠጅ ታደላለች። የሁለቱም ክንፍ ላይ ያሉት ጅማቶች ቀይ ናቸው። ፎቶው በስልክ ስለሆነ ብዥ ብሏል፣ አትስደቡኝ።

ሐይቅ ዳር፦ አንዷ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናት። አለቀ።

ካሜራ አንጋች፦ ኧረ አላለቀም! ሁለቱም ወንድ ናቸው፣ «አንዷ» ማለቱን ተዉት። ሴቶቹ ቢጫና ቡናማ ናቸው። ቀዩ በሳይንስ ስሙ ትሪተሚስ አርቴሪዮሳ፣ ሌላው ትሪተሚስ አኑላታ ይመስለኛል። የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም አገራችን ውስጥ አሉ። ሲያርፉ ክንፋቸውን ወደ ፊትና ወደ ታች ጣል ያደርጋሉ፣ አይተህ ከሆነ።

መለያው ጭራው ነው (በእርግጥ ጭራ የምንለው ሆዱ ነው)። አርቴሪዮሳ ቀጭን ነው፤ ወደ ጫፉ አካባቢ በጎንና በጎኑ ጥቁር ምልክት አለው። አኑላታ ሰፊ ነው፤ ቀዩ ላይ ወይን ፍሬ ላይ እንደሚታየው ያለ ሐምራዊ ብናኝ ይለብሳል። ብናኙ የሚመጣው ሲጎለምስ ነው። ገና ከውሃ የወጣ ወንድ ግን ሴት ይመስላል፤ እሱ ላይ እኔም ስንት ጊዜ ተሸውጃለሁ።

የደንገል ልጅ፦ ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። ጭራው ላይ ያልከውን ጥቁር ምልክት አየሁት! ግን ሌላ ጉድ መጣ፦ ሦስተኛ ቀይ። ጠፍጣፋ፣ ጭራው ላይ አንድም ጥቁር የለው፣ እግሩ ራሱ ቀይ።

እማማ ጣና፦ ልጄ፣ እሱ ሌላ ወገን ነው፣ ክሮኮተሚስ ኤሪትሪያ። የትሪተሚሶቹ እግር ጥቁር ነው። ኤሪትሪያ በግሪክ ቀይ ማለት ነው፤ የኤርትራም ስም የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። ደግሞ አታባርራቸው። ከተቀመጡበት ቢነሱም ዞረው እዚያው ደንገል ላይ ያርፋሉ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ዝም ብለህ ጠብቅ።

ሐይቅ ዳር፦ እሺ፣ «አለቀ» ያልኩትን መልሻለሁ።

የደንገል ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ነገ ረፋድ ላይ ቡናዬን ይዤ እዚያው ነኝ።