«ኢምንት» ማለት ለማን ነው? ስለ ጥርስ ራጅና ስለ ታይሮይድ ካንሰር የተደረገ ክርክር

የሜሮን እናት (ሜሪላንድ)፦
ወንድማችን ራጅ ባለሙያው ትናንት እዚህ የጻፉትን ካነበብሁ ጀምሮ ስብሰለሰል ነው ያደርሁት። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ጨረር የሚከለክሉት የእርሳስ (የከባዱ ብረት) ሽርጥና የአንገት መከለያ ከእንግዲህ አያስፈልጉም ማለቱን ጠቅሰው፣ «ከጥርስ ራጅ የሚገኘው ጨረራ ኢምንት ስለሆነ መከለያው የሚያረጋጋው የእናትን ልብ እንጂ የሚጠብቀው የልጅን ታይሮይድ፣ ያችን የአንገት ዕጢ፣ አይደለም» ብለዋል። እኔ ያቺ እናት ነኝ። ባለፈው ሳምንት የ9 ዓመት ልጄን ለምርመራ ወስጄ፣ ያ ከባድ የአንገት መከለያ ይንጠለጠልበት የነበረው መንጠቆ ባዶውን አገኘሁት። ስጠይቅ ረዳቷ «መመሪያው ተቀይሯል» አለችኝ፤ ከዚያም ምስሉን የሚቀበለውን ሴንሰር በልጄ አፍ አስገብታ፣ የቱቦውን አፍ ወደ ጉንጯ አስጠግታ፣ «እንዳትንቀሳቀሺ» ብላ ወጣችና ከግድግዳው ጀርባ ቆመች። ነገሩ ኢምንት ከሆነ እርሷ ለምን ወጣች? ልጄስ ለምን ብቻዋን ቀረች? ይህን የጠየቅሁት መልሱን ስለምፈልገው ነው።

ራጅ ባለሙያው (አዲስ አበባ)፦
እኅቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም አለ። ልጅዎ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ትነሣለች፤ ረዳቷ ግን በየቀኑ፣ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ታነሣለች። አንዷን ጊዜ የማይጎዳ ነገር በሺህ ሲባዛ ሌላ መልክ ስለሚይዝ፣ ለሠራተኛ ዓለም አቀፍ ወሰን ተበጅቶለታል፤ በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት ነው (ሲቨርት በሰውነት ላይ የሚያርፍ ጨረራ መለኪያ ነው)። ታካሚን በተመለከተ፣ ጨረሩ በአራት ማዕዘን መክፈቻ በሚገባ ተጠብቦ በዘመናዊ መሣሪያ ከተነሣ፣ የኋላ ጥርሶችን የሚያሳዩት አራቱ ምስሎች በድምሩ ወደ 5 ማይክሮሲቨርት ገደማ ናቸው፤ ማይክሮሲቨርት የሚሊሲቨርት አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ስለሚያገኝ፣ ይህ ከአንድ ቀን የተፈጥሮ ጨረራ ያነሰ ነው። ኢምንት ያልሁት ይህን ነው፤ ቃሉንም አላነሣውም።

ነርሷ (ኩዌት)፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ 5 ማይክሮሲቨርት የተገኘበትን መንገድ ለአንባቢ ሳይነግሩ ማለፍዎ አላስደሰተኝም። ቁጥሩ ለመላው አካል ተሰልቶ የተሰጠ ነው። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ስሌት ለታይሮይድ የተሰጠው ድርሻ 0.04 (ከመቶ አራት) ብቻ ስለሆነ፣ ዕጢዋ የተቀበለችው መጠን በመላው አካል ሲካፈል እያነሰ ይሄዳል። የተፈጥሮ ጨረራ ከእግር እስከ ራስ ተሰራጭቶ የሚያርፍ ሲሆን፣ የጥርስ ራጅ ግን የሚያርፈው ከአገጭ በታች ካለችው ከዚህች ዕጢ አጠገብ ነው። የታይሮይድ ነገር ሲጠየቅ የመላ አካልን ቁጥር መስጠት ጥያቄውን ወደ ጎን መግፋት ነው።

በዚያ ላይ እኔ ያለሁባት አገር በዚህ ነገር ስሟ የተነሣ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የኩዌት ጥናት 313 የታይሮይድ ካንሰር ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር አስተያይቶ፣ የጥርስ ራጅ የተነሡት ላይ ካንሰሩ የመገኘቱ ዕድል ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑን፣ የራጁ ቁጥር በጨመረ መጠንም ዕድሉ እየጨመረ መሄዱን አሳይቷል። ይህን በኢምንትነት ማለፍ ይከብደኛል።

ራጅ ባለሙያው (አዲስ አበባ)፦
ስለ ስሌቱ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ለታይሮይድ የሚነገረው ቁጥር ለብቻው ሊነገር ይገባው ነበር። የኩዌቱ ጥናት ግን ሰዎቹን የጠየቀው «በዕድሜህ ስንት ጊዜ የጥርስ ራጅ ተነሥተሃል?» ብሎ ነው። ካንሰር የያዘው ሰው ሌሊት ተኝቶ «ምን አድርጌ ነው?» እያለ ያለፈ ዘመኑን ሲመረምር የሚያድር ነውና፣ ከጤነኛው ይልቅ ብዙ ያስታውሳል። ከሐኪም ቤት መዝገብ ጋር ያልተመሳከረ ትዝታ ማስረጃነቱ ደካማ ነው፤ ጥናቱን የሠሩት ሰዎችም በጥንቃቄ እንዲታይ ራሳቸው አሳስበዋል።

ነርሷ (ኩዌት)፦
ትዝታ አሉ። እንግዲያውስ ትዝታ የማያጠፋውን ላምጣ። በአሜሪካ የራጅ ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። እዚያ ሰዎቹ ስለ ጥርስ ራጃቸው የተጠየቁት ካንሰር ሳይዛቸው በፊት ስለሆነ፣ በሽታው ትዝታቸውን አጣሞታል ማለት አይቻልም። በየ10 የጥርስ ራጁ የታይሮይድ ካንሰር ዕድል በ13 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። የተጠየቁትም የእርስዎው የሙያ ባልደረቦች ናቸው፤ ራጅ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች አይደሉም።

የጥርስ ሐኪሟ (ዳላስ)፦
ነርሷ የጠቀሱትን ጥናት አውቀዋለሁ፤ ግማሹ እንዳይቀር ልጨምርበት። ያ ጭማሪ በአብዛኛው የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት ከተነሡት ራጆች ነው። በዚያ ዘመን ፊልሙ ቀርፋፋ፣ ጨረሩም በሰፊው የሚረጭ ነበር። የጥናቱ ውጤት እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ አያቶቻችን ራጅ ነው። የዛሬዋ ሜሮን የምትቀበለውን በእርሱ መለካት አይቻልም።

ስለ መከለያው ደግሞ የማኅበሩ ሐሳብ «ጨረራ አይጎዳም» የሚል አይደለም። በመላ መንጋጋ ራጅ ጊዜ መከለያው በጨረሩ መንገድ ላይ ስለሚገባ ምስሉን ያበላሸዋል፤ ምስሉ ሲበላሽ ራጁ ይደገማል፤ የተደገመ ራጅ ደግሞ መከለያው ያድነዋል ከተባለው በላይ ያስከፍላል። ዋናው ጥበቃ ጨረሩን ማጥበብ፣ ፈጣን ሴንሰር መጠቀም፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ሳያስፈልግ አለማንሣት ነው። ይኸው መመሪያ ሐኪሙ አፍ ከፍቶ ሳያይ ራጅ እንዳያዝ፣ የቀድሞ ምስል ካለም እንዲጠይቅ ያሳስባል። ይህን ክፍል ግን ማንም ጠቅሶ ሲናገር አልሰማሁም።

የሜሮን እናት (ሜሪላንድ)፦
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ይህን ንገሩኝ፦ ልጄ በየስድስት ወሩ ነው የምትነሣው። የተቦረቦረ ጥርስ የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። ሐኪሟ ገና ሳያያት ረዳቷ ወደ ራጁ ወንበር ትወስዳታለች። «ኢምንት» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይሸፍናል ማለት ነው? የአንዱን ምስል መጠን ነገራችሁኝ እንጂ በእኔ ልጅ አፍ ስንት ምስል እንደተነሣ የቆጠረ ሰው የለም።

የጥርስ ሐኪሟ (ዳላስ)፦
አይሸፍንም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የማኅበሩ መመሪያ፣ ጥርሷ ላልተቦረቦረና ለዚያ ላልተጋለጠች ልጅ ከ12 እስከ 24 ወር ነው የሚለው፤ በየስድስት ወሩ ሊባል የሚችለው ጥርሱ ለሚበላሽበት ልጅ ነው። እንደ ነገሩኝ ከሆነ የልጅዎ ነገር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ምክንያቱን በቀጥታ ይጠይቋቸው፤ ሊነግሩዎ ግዴታቸው ነው። የቱቦውንም አፍ ይመልከቱ፤ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ልኬት፣ የመላ አፍ ተከታታይ ምስል በፈጣን ፊልም ወይም በዲጂታል ሰሌዳ ሲነሣ፣ በአራት ማዕዘን መክፈቻ 35 ማይክሮሲቨርት ገደማ፣ በክብ መክፈቻ 171 ገደማ፣ ቀርፋፋ ፊልም ከክቡ ጋር ሲሆን ደግሞ 388 ገደማ ነበር። ያው አፍ፣ ያው ጥርስ፣ ልዩነቱ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። አብዛኛው ክሊኒክ ዛሬም ክቡን ይጠቀማል።

ጋሽ ታዛቢ (ሐዋሳ)፦
ይህ 388 የሚባለው ቁጥር የእኛ ነው። ባለፈው ዓመት እኔ ባለሁበት አካባቢ በአንድ ክሊኒክ መንጋጋዬ አብጦ ራጅ ታዘዘልኝ። ፊልሙ በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ታጥቦ ሲወጣ ደመና መሰለ። ደግሞ ተነሣሁ፤ የጥርሱ ሥር ተቆርጦ ቀረ። በሦስተኛው ታየ። ሦስተኛዋን ብቻ በፖስታ አድርገው ሰጡኝ፤ ሁለቱ የትም አልተመዘገቡም። እንግዲህ በእኔ መዝገብ አንድ ራጅ ነው ያለው፤ በአንገቴ ላይ ያለፈው ግን ሦስት ነው። ወንድማችን ራጅ ባለሙያው የሚያወሩት ስለ አዲሱ ሴንሰር ነው፤ እኛ ጋ ያለው አሮጌው ነው።

ደግሞ በአገራችን ታይሮይድ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው እንቅርት ነው። እናቶቻችን ላይ ያየነው እብጠት ከአዮዲን እጥረት የመጣ እንጂ ከራጅ አይደለም። ከራጁ ይልቅ ስለ ጨው ብንጨነቅ ይሻለን ነበር።

ነርሷ (ኩዌት)፦
ጋሼ፣ ስለ ሦስቱ ፊልም የነገሩን ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይልቅ ልቤን ነክቶታል። ስለ ጨው ያሉትም እውነት ነው፤ ግን አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። እንቅርት ያለባት ሴት ጥርሷን ስትታመም ራጅ አትነሣም ማለት አይደለም።

የነታንያው (እስራኤል)፦
ሰዎች «ኢምንት» ሲሉ እኔ የማስበው የቆረቆሩን ልጆች ነው። እዚህ እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1960 ባለው ጊዜ፣ በተለይ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ስደተኞች ልጆች ለራስ ቆረቆር ሕክምና ተብሎ ጭንቅላታቸው በጨረራ ተመታ። ጨረሩ በራሳቸው ላይ ነበር፤ ታይሮይዳቸው የተቀበለችው ከአጠገብ የደረሰውን፣ በአማካይ 90 ሚሊግሬይ ገደማ ብቻ ነበር (ግሬይም የጨረራ መለኪያ ነው)። ከዓመታት በኋላ ግን የታይሮይድ ካንሰር በእነርሱ ላይ በብዙ እጥፍ በዝቶ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የካሣ ሕግ እስኪወጣም ብዙዎች ጠበቁ። እኛ ቤተ እስራኤል ከዚያ በኋላ የመጣን ነን፤ ነገር ግን «ሐኪሙ ያውቃል» ተብሎ በስደተኛ ልጅ ላይ የተደረገ ነገር ስንሰማ እንግዳ ነገር አይሆንብንም። ለእነዚያ እናቶችም ያኔ የተነገራቸው «አይጎዳም» የሚል ነበር።

ራጅ ባለሙያው (አዲስ አበባ)፦
ወንድሜ፣ የደረሰው በደል ያሳዝነኛል። ግን 90 ሚሊግሬይ አንዲት የጥርስ ፊልም ለታይሮይድ ከምትሰጠው ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው እንዳይሆንብን እሰጋለሁ። ስጋቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ራጅ ካንሰር ነው» የሚል ወሬ ሰምተው አልነሣም ያሉ፣ ኢንፌክሽኑ ከጥርሱ ሥር ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ አጥሯቸው የመጡ ሰዎች በእጄ አልፈዋል። የቆጧን አወርድ ስትል የብብቷን የጣለችው እንዲህ ያለችው ናት።

ሌላም ልጨምር። በደቡብ ኮሪያ የታይሮይድ ካንሰር ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 በ15 እጥፍ ጨመረ፤ በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው ግን አልጨመረም። የጨመረው የአልትራሳውንድ ምርመራ ነበር። የጥርስ ሐኪም ዘንድ አዘውትሮ የሚሄድ ሰው ሌላውንም ምርመራ የሚያዘወትር ነውና፣ ካንሰሩ የሚገኝበት ስለተፈለገ ሊሆን ይችላል።

የነታንያው (እስራኤል)፦
ልጥ አሉኝ። እርስዎ ልጡን አይተው ልጥ ነው ይላሉ፤ እኔ የምለው፣ በሕፃን አንገት አጠገብ የሚያልፈውን ነገር ስም ከመስጠታችሁ በፊት ስንት ጊዜ እንዳለፈ ቁጠሩ ነው። የልጅ ታይሮይድ ከአዋቂው ይልቅ በጨረራ እንደሚጎዳ ከሂሮሺማው የአቶም ቦምብም ከቼርኖቤሉ የኑክሌር ጣቢያ አደጋም የታወቀ ነው፤ ይህን እርስዎም አይክዱትም።

ራጅ ባለሙያው (አዲስ አበባ)፦
አልክድም። ቼርኖቤልን ግን ከዚህ አያገናኙት፤ እዚያ ልጆቹን የጎዳው በወተት ገብቶ በዕጢዋ ውስጥ የተከማቸ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ነው። የጥርስ ራጅ ቁልፉ ሲለቀቅ ያበቃል፤ በሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር የለውም።

የሜሮን እናት (ሜሪላንድ)፦
ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ ደወልሁ። የቱቦው አፍ ክብ ነው አሉኝ፤ አራት ማዕዘኑን ስጠይቅ ስልኩን የያዘችው ልጅ ምን እንደምል አልገባትም፣ «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ራጅ ባለሙያው የነገሩን 5 ማይክሮሲቨርት በጠባቡ መክፈቻ የተለካ ከሆነ፣ ልጄ የተነሣችበት ግን ክቡ ከሆነ፣ ያ ቁጥር የልጄ አይደለም። መከለያውን ያነሡት በአዲሱ መመሪያ ነው፤ መመሪያው በእርሱ ፋንታ ያዘዘውን ግን አላመጡም። የቅሬታዬ ሥር ይህ ነው።

የጥርስ ሐኪሟ (ዳላስ)፦
ልክ ነዎት፤ በሙያዬ አፍራለሁ። በክቡ የሚያነሡ ከሆነ መከለያውን ይጠይቁ፤ ለልጅ ደግሞ አጥብቀው ይጠይቁ። የታይሮይድ ሐኪሞች ማኅበርም ከአሥር ዓመት በፊት የመከረው ይህንኑ ነበር።

ራጅ ባለሙያው (አዲስ አበባ)፦
ይህን ምክር በአደባባይ መስጠትዎ ያሳስበኛል፤ ነገ እናት ሁሉ መከለያ ካልተሰጠኝ ልጄ አትነሣም ብላ ትመለሳለች። በክቡም ቢሆን መጠኑ ትንሽ ነው።

የሜሮን እናት (ሜሪላንድ)፦
አሁን «ትንሽ» ሆነ። ጠዋት ኢምንት ነበር።

ጋሽ ታዛቢ (ሐዋሳ)፦
ልጆቼ፣ የእኔ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። እነዚያ የተጣሉት ሁለት ፊልሞች የሚጻፉት የት ነው?